የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት የድሬዳዋው ነጋድራስ፦ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን የተከራከርንበት ሕይወት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት መጋላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ አምስት ሆነን ዳቦ ቆሎ ስንሠራ ነበር። አቦ ሙቀቱ! ፀሐይዋ በረድ እስክትል ጠብቀን ነው ከሰል ያቀጣጠልነው። አንዱ ሊጥ ያሻል፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ ሁለቱ ምጣዱን እየተቀባበሉ ያምሳሉ፣ አንዷ ደግሞ ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ታነብልናለች።

የጨዋታችን ሕግ ቀላል ነው። አንድ የቆየ መጽሐፍ እንመርጣለን፣ መጽሐፉ የሚያስታውሰንን ነገር ቤት ውስጥ እንጋግራለን፣ ከዚያ እየበላን እናነባለን። ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» ድፎ ዳቦ ደፍተን ነበር፤ የጎጃም ታሪክ ያለ ድፎ አይሆንም ብለን። በዚህኛው ዙር ተራው የ«ጦቢያ» ነበር። «ጦቢያ» የመንገድ መጽሐፍ ናት። ሰው ይማረካል፣ ይሰደዳል፣ ቤተሰብ ይፈላለጋል። መንገድ ካለ ስንቅ አለ፤ ስለዚህ ዳቦ ቆሎ መረጥን። መጽሐፉ ላይ ተጽፎ አግኝተን ሳይሆን ከራሳችን ያመጣነው ነው።

የመጀመሪያው ምጣድ ሲወጣ እንደ ወጋችን ለጎረቤት ላክን። ከግድግዳው ማዶ ያሉት አዛውንት አባታችን በደስታ ተቀበሉ፣ መረቁን፣ ምን እያነበባችሁ ነው ብለው ጠየቁ። የደራሲውን ስም ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሳህኑን ሳይነኩት አስቀመጡት። ያ ሰውዬ ባንዳ እንደነበር፣ አገር ሲወረር ከወራሪው ጋር እንደቆመ፣ የሱን መጽሐፍ እንዴት በዚህ ሰፈር ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ ብለው ተቆጡን።

እኛ ዝም አልን። ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። እኛ ደግሞ መጽሐፏን ወደናታል። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያን ቀን ማታ ስንከራከር አድረን ነው።

ሰውየው ማን ናቸው?

አፈወርቅ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ነው። እሳቸው አይደሉም። እኛ የምናወራው ከሳቸው በፊት ስለነበሩት፣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለሚባሉት ነው። የሚገርመው እኚህም ሠዓሊ ነበሩ።

በነገራችን ላይ አንቱ እንበላቸው ወይስ አንተ በሚለውም ተጣልተናል። ጎረቤታችን አንተ ነው የሚሏቸው፣ እሱም ሲበዛባቸው። እኛ አንቱ ልንል ወሰንን። የሞተ ሽማግሌን አንቱ ማለት ልማዳችን ስለሆነ እንጂ ነጻ ናቸው ብለን እንዳልሆነ ያዙልን።

አፈወርቅ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር፣ ዘጌ ነው። ዘጌ በቡና ጫካዋና ግድግዳቸው በሥዕል በተሸፈነ አብያተ ክርስቲያናቷ የምትታወቅ ናት። እዚያ ያደገ ልጅ ቀለምና ፊደል አብሮት ያድጋል። ልጁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፣ የሥዕል ተሰጥኦአቸውም ታየ፣ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድናም ነበራቸውና ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጠጉ።

በ1879 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ሥዕል እንዲማሩ ወደ ጣልያን ላኳቸው። ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የዘጌ ልጅ ቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገቡ። እስቲ አስቡት። ባቡር እዚህ አገር አልደረሰም፣ አዲስ አበባ ገና ልትቆረቆር ነው፣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ጭራሽ የለችም።

ተመልሰው እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሣሉ። ግን ቤተ መንግሥቱ አልተመቻቸውም፤ ከእቴጌይቱ ጋር መቃቃራቸውም ይነገራል። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከሌሎች ሁለት ወጣቶች ጋር እንደገና ለትምህርት ተላኩ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ስዊዘርላንድ። የመጀመሪያው ስብራት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን ልትወጋ በምትዘጋጅበት ሰዓት አፈወርቅ ስዊዘርላንድን ጥለው ወደ ጣልያኖቹ ገቡ። የላኳቸው ንጉሥና ወገናቸው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሲያሸንፉ እሳቸው በተሸናፊው በኩል ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሳ ባልኖረም ነበር። አላለቀም።

ኔፕልስ ላይ የተወለደች ልብ ወለድ

አፈወርቅ ጣልያን አገር ቀሩ፣ ጣልያናዊት አገቡ፣ ኔፕልስ ከተማ ባለው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። ለተማሪዎቻቸው የአማርኛ ሰዋስው አዘጋጁ፣ የጣልያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ ጻፉ፣ ለመንገደኞች በፈረንሳይኛና በአማርኛ መምሪያ አሳተሙ። ቀኑን ሙሉ ቋንቋቸውን ለባዕድ እየፈቱ የሚያስረዱ ሰው ነበሩ። ይኼ ሥራ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። የራስህን ቋንቋ ለማያውቀው ሰው ስታስረዳ፣ አንተ ራስህ እንደ አዲስ ትሰማዋለህ።

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ታተመች። ርዕሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። በአማርኛ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ናት። ዛሬ ልብ ወለድ እያልን የምንጠቀምበት ቃል ራሱ ከዚች መጽሐፍ ርዕስ ጋር የተያያዘ ነው። በኋላ ስትታተም በባለታሪኳ ልጅ ስም «ጦቢያ» ተባለች፤ እኛም የምናውቃት በዚሁ ነው።

ታሪኩን ሙሉውን አንነግራችሁም፣ አንብቡት። በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር መሪ ይሸነፍና ይማረካል። አንድ የማያውቁት ነጋዴ ከመከራው ያወጣቸዋል። መንታ ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቷ ጦቢያ። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ልመልስ ብሎ ከቤት ይወጣና እሱ ራሱ ባርነት ላይ ይወድቃል። ጦቢያ ደግሞ ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ወንድ መስላ በመሄዷ የሚፈጠረው የፍቅር ምስቅልቅል ዛሬ ተከታታይ ድራማ ላይ ብታዩት አይገርማችሁም። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ጽሑፍ ነው ግን።

አማርኛው ይጣፍጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ተረት እንደሚያወራ ሰው ይወስዳችኋል። እኛ ምጣዱን እያመስን የሰማነው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻ በዝምታ ከማንበብ ለጆሮ የተሻለ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። በመጽሐፉ ውስጥ የሁሉም ነገር መነሻ የሆነው ደግ ሰው ነጋዴ ነው። ማንም ሳያስገድደው የሰው ዕዳ የሚሸከም ነጋዴ። ደራሲው ደግሞ ከዓመታት በኋላ የነጋዴዎች አለቃ ሆነው ተሾሙ። የት ቢሉ፣ እዚሁ ድሬዳዋ።

ነጋድራሱ በድሬ

የድሬን ነገር ታውቁታላችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ። ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ከዚራ በፈረንሳዮቹ መስመር መስመር ይዛ ተሠራች፤ ከደቻቱ ወዲህ መጋላ ነጋዴውን፣ ግመለኛውን፣ ዐረቡን፣ ሕንዱን፣ ሶማሌውን፣ ኦሮሞውን፣ ሐረሪውን፣ አማራውን ይዛ አደገች። መጋላ ማለት በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው። ለአፍ የሚሆነውም ያኔ ተደባለቀ። ዛሬ አንዱ ዳቦ የሚለውን ሌላው ፉርኖ፣ ሌላው ሮቲ ይለዋል፤ ሦስቱም ስም አንድ ሰፈር ውስጥ ይሰማል።

ባቡሩ የአገሪቱ ዋና በር ስለነበር የድሬ ጉምሩክ ወንበር ትልቅ ወንበር ነበር። ቡናና ሌጦ ይወጣል፣ ጨርቃ ጨርቅና የውጭ ዕቃ ይገባል፣ ሁሉም ይመዘናል፣ ሁሉም ይቀረጣል። የዚያ ሁሉ ኃላፊ ነጋድራስ ይባላል። ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴውን ክርክርም ይዳኛል።

ጀመዓ፣ በዚህች ወንበር ላይ ሁለት ትልልቅ ጸሐፊዎች መቀመጣቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው፤ ስለ አገር ኢኮኖሚ አስቀድመው በጥልቀት ከጻፉት ኢትዮጵያውያን የሚመደቡት፣ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው የሞቱት። ሌላው አፈወርቅ ናቸው፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ በ1910ዎቹ ውስጥ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ሁለቱ በብዕር ተገናኝተው ያውቃሉ። አፈወርቅ በ1901 ዓ.ም. «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚል የታሪክ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ገብረ ሕይወት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው መጽሐፉን ተቹት። የአፈወርቅን የቋንቋ ችሎታ አልካዱም። ፍርዳቸው ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል አሉ። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጥሩ ቃል ቢኖረውም ሚዛኑ የተስተካከለ ካልሆነ አይበቃም የሚል ነው ነገሩ።

ይኼን ትችት ስናነብ ሥራችንን ያቀለለልን መሰለን። ገብረ ሕይወት ሰውየውን የተቹት የመጨረሻው ጥፋታቸው ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። አፋቸው ወርቅ ነው፣ ሚዛናቸው ግን ይጋደላል። ስለ አንድ መጽሐፍ የተባለው ነገር የሰውየው ሕይወት ሆኖ አረፈው።

አፈ ወርቅ፣ አፈ ቄሳር

ከድሬዳዋ በኋላ ሹመቱ ቀጠለ። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር የሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በ1920ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚው አድርጎ ሮም ላካቸው። በዓድዋ ጊዜ ከድተው የሄዱት ሰው ይቅር ተብለው፣ ታምነው፣ አገራቸውን ወክለው ወደዚያው ወደ ጣልያን ተመለሱ። ስንት ሰው ሁለተኛ ዕድል ያገኛል? እሳቸው አግኝተዋል።

በ1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር ወረረን። የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች፣ በዚያው ሰሞን ድሬዳዋም ተያዘች። አፈወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ከወራሪው ጋር ቆሙ። ጽሕፈታቸውን፣ አንደበታቸውን፣ ስማቸውን ለፋሺስት አስተዳደር ሰጡ። አስተዳደሩም የማዕረግ ስም ሰጣቸው፦ አፈ ቄሳር። እናታቸውና አባታቸው አፈ ወርቅ ያሏቸው ልጅ በስተርጅና የቄሳር አፍ ተባሉ።

ጊዜው አስገድዷቸው ነው እንዳንል፣ በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች ብዕረኞች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስደት ላይ፣ እንግሊዝ አገር ሞቱ። ዮፍታሔ ንጉሤ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ ዘምተው ተዋጉ፣ ተማርከው ጣልያን አገር ዓመታት ታሰሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ የተማሩ የተባሉ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። የጎረቤታችን ቁጣ ከዚህ ነው የሚነሳው፣ ከመጽሐፍ ከተነበበ ወሬ የመጣ አይደለም።

ነጻነት ሲመለስ አፈወርቅ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። እዚያ ዓይናቸው ጠፋ። ሠዓሊ የነበሩ ሰው ቀለም ማየት አቆሙ፣ ጸሐፊ የነበሩ ሰው ፊደል ማየት አቆሙ። በመስከረም 1940 ዓ.ም. እዚያው ጅማ ሞቱ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ያን ማታ ግቢው ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፈልን። አንደኛው ወገን መጽሐፉ አይነበብ፣ ካልተነበበ ይረሳል፣ ቅጣቱም እሱ ይሁን አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጽሐፉን እናንብብ፣ የደራሲውን ነገር ግን አናንሳ፣ ጣዕሙን ያበላሻል አለ።

እኛ ሁለቱም ልክ አይመስለንም። መጽሐፏን ብንጥላት የምንጎዳው ራሳችንን ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከየት እንደጀመረ የማያውቅ አንባቢ እንሆናለን። ወንድሟን ፍለጋ የወጣችው ጦቢያ ደግሞ ማንንም አልከዳችም። የደራሲውን ታሪክ ብንደብቅ ግን የጎረቤታችንን እውነት ከደብተሩ ፋቅነው ማለት ነው። አንድ ሰው ውብ ነገር ጻፈ ማለት ጥሩ ሰው ነው ማለት አለመሆኑን የምንማርበትን ዕድልም እናጣለን። ዛሬ ስልካችን ላይ ንግግሩ ያማረውን ሁሉ በምንከተልበት ዘመን ይኼ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ስለዚህ የኛ ስምምነት ይኼ ነው። መጽሐፏን ለጓደኛችን ስንሰጥ ሁለቱንም አብረን እንነግራለን፦ በአማርኛ የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ናት፣ ደራሲዋም ሁለት ጊዜ ከወራሪ ጋር የቆሙ ሰው ናቸው። አንዱን ብቻ የነገረ ሰው እንዳጎደለ ይቆጠር። የጉምሩክ ሚዛንም ቢሆን ሁለት ጎን አለው።

ሰኞ ጠዋት ይኼንኑ ለጎረቤታችን ልንነግራቸው ሄድን። በመጽሐፉ አልተስማሙም፣ አሁንም አይወዱትም። ሳህኑ ግን ባዶ ነበር። ስንወጣ ከኋላችን ጠሩንና፣ በግድግዳው በኩል ሲሰሙ አምሽተው ኖሮ፣ ያ ባሪያ ሆኖ የቀረው ልጅ ተገኘ ወይስ አልተገኘም ብለው ጠየቁን። ገና አልጨረስነውም አልናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ አሉን።

ዳቦ ቆሎውን ቤታችሁ መሞከር ለምትፈልጉ፦ 4 የሻይ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳር አደባልቁ። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ጨምሩና በእጃችሁ እሹት። ከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያደረጋችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ ይሁን። 20 ደቂቃ ሸፍናችሁ አሳርፉት። እንደ ገመድ አቅጥናችሁ አንከባሉት፣ ሽምብራ የሚያህል እያደረጋችሁ ቁረጡ። ምጣድ ላይ በቀስታ እሳት፣ እጃችሁ ሳያርፍ፣ እስኪደርቅና ቡናማ እስኪሆን አምሱት። እሳት ካበዛችሁ ውጪው ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ነው የሚንኮሻኮሸው፤ አትቸኩሉ። በደንብ ከደረቀ ብዙ ቀን ይቆያል፤ የጥንት መንገደኛ የወደደው ለዚህ ነው።

የሚያምሰው ሰው እጁ ስለሚያዝ አንባቢ ሌላ ሰው ይሁን። በየተራ ተቀያየሩ።